ለእንቅስቃሴ መታወክ የሚደረግ የአንጎል ቀዶ ሕክምና

ለእንቅስቃሴ መታወክ የሚደረግ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የፓርኪንሰን በሽታ፣ ኢሴንሻል ትሬመር፣ ዲስቶኒያና መሰል ሕመሞች የሚያስከትሉትን መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትና ያለፈቃድ መወራጨት ለመቀነስ በአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ላይ የሚደረግ ሕክምና ነው። ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው በጥንቃቄ የተመረጠን ትንሽ ቦታ አቃጥሎ ማጥፋት ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ቦታ ቀጭን ሽቦ ተክሎ የኤሌክትሪክ ምት ያለማቋረጥ መላክ ነው። ሁለተኛው መንገድ ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ ይባላል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በስፋት የሚሠራበትም እርሱ ነው፤ እስካሁን በዓለም ዙሪያ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች መሣሪያው ተተክሎላቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕክምናው በሽታውን አያድንም፤ የሚያስታግሰው ምልክቱን ነው። በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የሚያመርቱት የነርቭ ሕዋሳት ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መሞታቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም ታካሚውና ቤተሰቡ ከሕክምናው ምን እንደሚጠብቁ የሚወስነው እርሱ ነው። እጁ መንቀጥቀጡን ያቆመለት ሰው ድኛለሁ ብሎ ማሰቡ አያስገርምም፤ መሣሪያው ሲጠፋ ግን መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል።

ሕመሞቹ

የፓርኪንሰን በሽታ ስያሜውን ያገኘው በ1817 ስለ በሽታው ጥናት ካሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹ እጅ በዕረፍት ላይ እያለ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትና፣ በሽታው እየገፋ ሲሄድ፣ ሚዛን መሳት ናቸው። ኢሴንሻል ትሬመር ከዚህ የተለየ ሕመም ነው። በእርሱ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ሲጀምር ነው፤ ሰውየው ሲኒ ሲያነሳ፣ ሲጽፍ፣ ቁልፍ ሲያስገባ። በዲስቶኒያ ደግሞ ጡንቻዎች ያለፈቃድ ተኮማትረው አንገትን፣ እጅን ወይም መላ አካልን ያጣምማሉ። አንዳንዱ የዲስቶኒያ ዓይነት በዘር የሚተላለፍና በልጅነት የሚጀምር ነው።

በሦስቱም ሕመሞች የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒት ነው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መድኃኒቱ ሳይበቃ ሲቀር ወይም ራሱ መድኃኒቱ ችግር ሲያመጣ ነው።

አንጎል ውስጥ የሚሆነው

በአንጎል መሐል፣ ከላይኛው የአንጎል ቅርፊት በታች፣ ባዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶች አሉ። እነዚህ ክምችቶች ከቅርፊቱና ከታላመስ ጋር በቀለበት መልክ ተያይዘው የትኛው እንቅስቃሴ እንዲፈጸም፣ የትኛውስ እንዲታገድ በመወሰን ይሳተፋሉ። ለቀዶ ሕክምና ዒላማ የሚሆኑት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጠው ሰብታላሚክ ኒውክለስ፣ የግሎበስ ፓሊደስ ውስጠኛው ክፍልና የታላመስ አንዱ ንዑስ ክፍል። ለኢሴንሻል ትሬመር አብዛኛውን ጊዜ ታላመስ፣ ለዲስቶኒያ ግሎበስ ፓሊደስ፣ ለፓርኪንሰን ደግሞ ሰብታላሚክ ኒውክለስ ወይም ግሎበስ ፓሊደስ ይመረጣል።

ዶፓሚን ሲጎድል ሰብታላሚክ ኒውክለስ ከመጠን በላይ ይሠራል፤ ቀለበቱም በሴኮንድ ከ13 እስከ 35 ጊዜ በሚደጋገም የተመሳሰለ ሞገድ ይያዛል። ይህ ሞገድ ሲጠነክር እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሲረግብ ይፈታል። ስለዚህ ችግሩን የምልክት አለመኖር አድርጎ ከማየት ይልቅ የተበላሸ ምልክት አድርጎ ማየት ይቀላል። አንድ የአንጎል ክፍል ተቃጥሎ ሰውየው የሚሻለው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከዚህ ይነሳል፤ የተሳሳተ መልእክት ከሚደርስ ምንም ባይደርስ ለቀሪው አንጎል ይሻለዋል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ዋጋቸው ከባድ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቪክቶር ሆርስሊ በ1909 ባሳተመው ሥራ ክንዱ ያለፈቃድ የሚወራጭ የአንድ ልጅን እንቅስቃሴ አዛዥ የአንጎል ቅርፊት ቆርጦ ማውጣቱን ገልጿል። መወራጨቱ ቆመ፤ ክንዱ ግን ደከመ። ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሐኪሞች መንቀጥቀጥን ማስቆም የሚቻለው በሽባነት ብቻ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ራስል ማየርስ ባዛል ጋንግሊያን በቀጥታ ነክቶ ያለ ሽባነት መንቀጥቀጥን መቀነስ እንደሚቻል አሳየ፤ ነገር ግን በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ከፍተኛ ስለነበር መንገዱን ለሌሎች አልመከረም።

ነገሩን የለወጠው የአቅጣጫ መለኪያ መሣሪያ ነው። በ1947 ፊላዴልፊያ ውስጥ ኧርነስት ስፒገልና ሄንሪ ዋይሲስ በሰው ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ክፈፍ ሠሩ። ክፈፉ በራጅ ታግዞ በአንጎል ውስጥ ያለን ማንኛውንም ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ለይቶ መርፌን እዚያ ለማድረስ ያስችላል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ሆርስሊና ሮበርት ክላርክ በ1908 ተመሳሳይ መሣሪያ ለእንስሳት ሠርተው ነበር። ስፒገልና ዋይሲስ መጀመሪያ ያሰቡት ለእንቅስቃሴ ሕመም ሳይሆን በዘመኑ ተስፋፍቶ የነበረውን ሎቦቶሚ የተባለ ጨካኝ የአእምሮ ሕክምና ጉዳቱን ለመቀነስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል በ1949 የራሱን ክፈፍ አቀረበ፤ የእርሱ ንድፍ ተሻሽሎ ዛሬም በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ይገኛል።

በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ አደጋ ደረሰ። ኧርቪንግ ኩፐር አንድ የፓርኪንሰን ታካሚን ሲያክም፣ ሊቆርጠው ካሰበው ቦታ ሳይደርስ አንድ ትንሽ የደም ቧንቧ ተቀደደበት። ደሙን ለማቆም ቧንቧውን ቋጠረውና የጀመረውን ሥራ ትቶ ዘጋ። ታካሚው ሲነቃ በተቃራኒው ጎን የነበረው መንቀጥቀጥና መገተር ጠፍቶ ነበር፤ ሽባም አልሆነም። ቧንቧው ደም ያደርስለት የነበረው ቦታ የግሎበስ ፓሊደስና የአካባቢው ክፍል ስለሆነ፣ ደም ሲቋረጥበት ያ ቦታ ሞተ፤ ምልክቱም አብሮ ጠፋ። ኩፐር ቧንቧውን ሆን ብሎ መቋጠር ቢጀምርም ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያይ ነበር፤ የሚሞቱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ አልኮል መርፌ፣ ቀጥሎም በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደሚቀዘቅዝ ዘንግ ተሸጋገረ፤ ዒላማውንም ወደ ታላመስ አዛወረ። ከታካሚዎቹ አንዷ ማሃትማ ጋንዲን ከእንዝርት መንኮራኩራቸው አጠገብ ያነሳችው ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ማርጋሬት ቡርክ ዋይት ነበረች። በ1959 ስለ ቀዶ ሕክምናዋ በላይፍ መጽሔት ላይ በግልጽ መናገሯ ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን እንዲያውቁ አድርጓል።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። በ1961 ቪየና ውስጥ ዋልተር ቢርክማየርና ኦሌህ ሆርኒኪዬቪች ሌቮዶፓን በታካሚዎች ላይ ሞከሩ፤ በ1967 ጆርጅ ኮቲያስ ከትንሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ከፍተኛ መጠን እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ተነስተው ሄዱ። የአንጎል ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊረሳ ተቃረበ፤ ሙያውን የተማሩ ወጣት ሐኪሞችም ጥቂት ነበሩ።

መድኃኒቱ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ከጥቂት ዓመታት ሕክምና በኋላ ብዙ ታካሚዎች ቀናቸው ለሁለት ይከፈልባቸዋል። መድኃኒቱ ሲሠራ፣ ሐኪሞች «ኦን» በሚሉት ሰዓት፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ብዙ ጊዜም ዲስኪኔዥያ በተባለ ያለፈቃድ መወራጨት ይናጣሉ። መድኃኒቱ ሲያልቅ፣ «ኦፍ» በሚባለው ሰዓት፣ ከወንበር መነሳት ያቅታቸዋል። በ1992 ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው ላውሪ ላይቲነን የሌክሴልን የቀድሞ የግሎበስ ፓሊደስ ሕክምና እንደገና ሠርቶ ውጤቱን ባሳተመ ጊዜ ሕክምናው እንደ አዲስ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። የፊልም ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስም በ1998 የታላመስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ለአዲሱ ዘመን መንገድ የከፈተው ግን ሌላ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በድብቅ የተሠራ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ወስደው በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ደረቁ። ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ መንስኤው ኤምፒቲፒ የተባለ በካይ ነገር መሆኑን ደረሱበት፤ ይህ ነገር ዶፓሚን አምራች ሕዋሳትን ለይቶ ይገድላል። በዚህ አማካኝነት የፓርኪንሰን ምልክት ያለባቸውን ዝንጀሮዎች ማጥናት ተቻለ። በ1990 ኃጋይ በርግማን፣ ቶማስ ዊችማንና ማህሎን ዲሎንግ የእነዚህን ዝንጀሮዎች ሰብታላሚክ ኒውክለስ ሲያጠፉ ምልክቶቹ እንደሚቀንሱ አሳተሙ። በርግማን ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን ቀጥሏል።

ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ

ፈረንሳዊው አሊም ሉዊ ቤናቢድ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ዶክተርም ነው። በዚያ ዘመን አንድን ቦታ ከማቃጠል በፊት ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ በመርፌው ጫፍ ኤሌክትሪክ መስደድ የተለመደ ነበር። በ1987 ግሬኖብል ውስጥ ቤናቢድ በዚህ ፍተሻ ወቅት የምቱን ፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። በሴኮንድ ጥቂት ምት ሲሆን መንቀጥቀጡ አልቆመም፤ ወደ 100 ሲጠጋ ግን ቆመ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ማቃጠል የሚያስገኘውን ውጤት ሳያቃጥሉ ማግኘት ይቻል ነበር ማለት ነው።

ጥቅሙ ወዲያው ግልጽ ነበር። ታላመስን በሁለቱም ጎን ማቃጠል ንግግርንና መዋጥን ክፉኛ ስለሚጎዳ አብዛኛው ሐኪም የሚያክመው አንዱን ጎን ብቻ ነበር። ማነቃቂያ ግን ሊቀነስ፣ ሊጨመር፣ ሊጠፋ ይችላል። ቤናቢድና የነርቭ ሐኪሙ ፒየር ፖላክ በመጀመሪያ መሣሪያውን የተከሉት አንዱ ጎናቸው ቀደም ብሎ በማቃጠል ለታከመ ታካሚዎች በሌላኛው ጎን ነበር። በ1993 የዲሎንግን ቡድን ግኝት ተከትለው ሰብታላሚክ ኒውክለስ ላይ መትከል ጀመሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን በ1997 ለመንቀጥቀጥ፣ በ2002 ለፓርኪንሰን ፈቀደ፤ በ2003 ደግሞ ለዲስቶኒያ በልዩ ሁኔታ ፈቀደ። ቤናቢድና ዲሎንግ በ2014 የላስከር ሽልማትን አብረው ተቀብለዋል።

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንጎል ውስጥ የሚገባው ሽቦ ውፍረቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ጫፉ ላይ አራት ወይም ከዚያ በላይ የብረት ቀለበቶች አሉት። ሁለተኛው ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ቆዳ ሥር የሚያልፍ ማገናኛ ሽቦ ነው። ሦስተኛው ከአጥንተ ብብት በታች ደረት ላይ የሚቀበረው ባትሪና ምት አመንጪ ነው። ይህ ክፍል በመልኩም በአሠራሩም የልብ ምት ማስተካከያን ይመስላል።

ምቱ ለምን እንደሚሠራ እስካሁን ያከራክራል። መጀመሪያ ላይ ሕዋሳቱን ዝም ያሰኛል ተብሎ ነበር፤ ውጤቱ ከማቃጠል ጋር መመሳሰሉ ወደዚያ ይመራልና። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ምቱ በአካባቢው ያሉ የነርቭ ጭራዎችን እንደሚያነሳሳና የተበላሸውን የተመሳሰለ ሞገድ እንደሚበትን አሳይተዋል። ማነቃቂያ የሚለው ስም ራሱ በጥቂቱ አሳሳች ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የማወክን ሥራ ነውና።

ቀዶ ሕክምናው አፈጻጸም

ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የታካሚው አንጎል በኤምአርአይ ይነሳል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ክፈፉ በአራት ችንካሮች ጭንቅላቱ ላይ ይታሰርና ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ሁለቱ ምስሎች በኮምፒውተር ተደራርበው የዒላማው ቁጥሮች ይሰላሉ። ሰብታላሚክ ኒውክለስን ለማግኘት የተለመደው መነሻ ከአንጎል መካከለኛ መስመር ወደ ጎን 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከማጣቀሻው ነጥብ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላና 4 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ነው። የሰው አንጎል ግን እንደ መልኩ ይለያያል፤ ስለዚህ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ሰው ምስል ላይ ይታረማል። የሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት ውጤቱን ለማበላሸት ይበቃል።

በብዙ ማዕከላት ታካሚው በዋናው ክፍል ነቅቶ ይቆያል። አንጎል ራሱ የሕመም ስሜት ተቀባይ ስለሌለው የሚደነዝዘው የራስ ቅል ቆዳ ብቻ ነው። የራስ ቅሉ በትንሹ ይበሳና ከፀጉር የቀጠነ ጫፍ ያለው ኤሌክትሮድ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ እየተገፋ ይወርዳል። የሕዋሳቱ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ኤሌክትሮዱ ወደ ሰብታላሚክ ኒውክለስ ሲገባ ጸጥ ብሎ የነበረው ድምፅ በድንገት ይጋጋላል። ከዚያ ሐኪሙ ኤሌክትሪኩን ከፍቶ ታካሚውን እጁን እንዲዘረጋ፣ ጣቶቹን እንዲያጋጭ፣ ወራትን እንዲቆጥር ይጠይቀዋል። ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ዓይኑ ከተጠማዘዘ ሽቦው ወደማይፈለግ ቦታ ቀርቧል ማለት ነው።

ይህ ለታካሚው ቀላል አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ መድኃኒቱን ስለሚያቋርጥ ለሰዓታት በ«ኦፍ» ሁኔታ መተኛት ይኖርበታል። በዚህ ምክንያትና ኤምአርአይ እየጠራ በመምጣቱ ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው በምስል ብቻ የሚተክሉ ማዕከላት እየበዙ ነው።

ማስተካከያ

ሽቦው ከተተከለ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ይረዝማል። መሣሪያው የሚከፈተው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሽቦው ሲገባ የሚፈጠረው እብጠት ራሱ ለጊዜው ምልክቱን ሊቀንስ ስለሚችል ቶሎ መክፈት ያሳስታል። የነርቭ ሐኪሙ ወይም የሠለጠነ ነርስ ከውጭ በገመድ አልባ መሣሪያ የትኛው ቀለበት እንደሚሠራ፣ የምቱን ጥንካሬ፣ ርዝመትና ፍጥነት ይመርጣል። የተለመደው መነሻ በሴኮንድ 130 ምት፣ እያንዳንዱ ምት 60 ማይክሮ ሴኮንድ ነው፤ ጥንካሬው ከትንሽ ተነስቶ ቀስ እያለ ይጨመራል። አራት ምርጫ ብቻ ቢመስልም ቀለበቶቹ ሲጣመሩ የሚፈጠሩት አማራጮች በሺዎች ስለሚቆጠሩ ሁሉንም መሞከር አይቻልም፤ የሐኪሙ ልምድ የሚለካውም እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱም ጎን ለጎን ይቀነሳል። ትክክለኛውን ሚዛን ለማግኘት ከሦስት እስከ ስድስት ወር መፍጀቱ የተለመደ ነው።

በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የአንጎልን ሞገድ ራሱ እያዳመጠ ምቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ፈቅዷል። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ታካሚው ቢተኛም ቢራመድም አንድ ዓይነት ምት ሲልኩ ኖረዋል።

የታካሚ ምርጫ

ለፓርኪንሰን ሕሙማን ዋናው መመዘኛ ቀላል ሙከራ ነው። ታካሚው ሌሊቱን መድኃኒት ሳይወስድ አድሮ ጠዋት ምልክቶቹ በነጥብ ይለካሉ፤ ከዚያ በቂ ሌቮዶፓ ተሰጥቶት እንደገና ይለካል። ነጥቡ ቢያንስ 30 በመቶ ካልተሻሻለ ሽቦውም ብዙ አይረዳም። ልዩ ሁኔታው መንቀጥቀጥ ነው፤ መድኃኒት ያልበገረውን መንቀጥቀጥ ማነቃቂያ ብዙ ጊዜ ያስቆመዋል። በሌላ አነጋገር ማነቃቂያ የመድኃኒቱን ጥሩ ሰዓት ያራዝማል እንጂ ከመድኃኒቱ የተሻለ ሰዓት አይፈጥርም። በጥሩ ሰዓቱም የሚወድቅ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይወድቃል። ንግግር፣ ሚዛንና የማስታወስ ችሎታ በዚህ ሕክምና አይሻሻሉም፤ ሊባባሱም ይችላሉ።

ስለዚህ የመርሳት በሽታ የጀመረው፣ ከባድ ያልታከመ ድባቴ ያለበት፣ ወይም ፓርኪንሰንን የሚመስል ሌላ ሕመም ያለበት ሰው አይመረጥም። ከሕሙማን ቅሬታ ብዙው የሚነሳው ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ሳይሆን ከዚህ ደረጃ ነው፤ መታከም ያልነበረበት ሰው ታክሞ ወይም ታካሚው ሊሆን የማይችለውን ጠብቆ።

ውጤት

በ2006 የታተመ በጀርመንና ኦስትሪያ 156 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ማነቃቂያ የተተከለላቸው ሰዎች የኑሮ ጥራት በስድስት ወር ውስጥ በሩብ ያህል መሻሻሉን አሳይቷል፤ በመድኃኒት ብቻ የታከሙት ላይ ለውጥ አልታየም። በ2009 አሜሪካ ውስጥ 255 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ደግሞ በሰዓት ቆጥሯል፦ ሽቦ የተተከለላቸው በቀን በአማካይ 4.6 ሰዓት የሚያስቸግር መወራጨት የሌለበት ጥሩ ጊዜ አገኙ፤ በመድኃኒት የቀጠሉት ምንም አልጨመሩም። በዚሁ ጥናት ከባድ የጤና ችግር የደረሰባቸው በመጀመሪያው ቡድን 49፣ በሁለተኛው 15 ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ነጣጥሎ መጥቀስ ሥዕሉን ያዛባል። በ2013 የወጣው ኧርሊስቲም የተባለው ጥናት 251 ሕሙማንን ይዞ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ለሆነና ችግሩ ገና ለጀመራቸው ሰዎችም ሕክምናው እንደሚጠቅም አሳይቷል።

በኢሴንሻል ትሬመር የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ዲስቶኒያ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለውጡ በሳምንታትና በወራት ይመጣል። በ2005 ፈረንሳይ ውስጥ በ22 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ ምልክቱ በግማሽ ያህል መቀነሱን መዝግቧል።

ጉዳትና አደጋ

ከሁሉ የሚፈራው አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ነው፤ ምልክት የሚያሳየው ከመቶ ሰዎች በአንድ ወይም በሁለት ላይ ይደርሳል፤ ከእነርሱም የሚሞቱ ወይም ሽባ ሆነው የሚቀሩ አሉ። ኢንፌክሽን ከዚህ ይበዛል፤ አንዳንዴም መሣሪያውን በሙሉ ማውጣት ግድ ይላል። ሽቦ ሊሰበር ወይም ከቦታው ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ሰብታላሚክ ኒውክለስ ከእንቅስቃሴ በተጨማሪ ከስሜትና ከውሳኔ ጋር የሚያያዝ ክፍል ስላለው የባሕርይ ለውጥም ይታያል። አንዳንዱ ታካሚ ግዴለሽ ይሆናል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይፈነድቃል ወይም ገንዘቡን ያለ ሐሳብ ይበትናል፤ ራስን የመግደል አደጋም ስላለ በተለይ የመጀመሪያው ዓመት ክትትል ይፈልጋል። ይህን ለውጥ ከታካሚው ይልቅ ቀድመው የሚያዩት የቤት ሰዎች ናቸው።

ያልተጠበቁም አሉ። በ2019 ከዙሪክ የወጣ አንድ ዘገባ ማነቃቂያ ከተተከለላቸው በኋላ መዋኘት የጠፋባቸውን 9 ሰዎች ይገልጻል። ሁሉም ቀድሞ ጎበዝ ዋናተኞች ነበሩ። ሦስቱ መሣሪያውን ሲያጠፉ ችሎታቸው ወዲያው ተመለሰ።

ያለ ቢላዋ፦ አልትራሳውንድ

የማቃጠል ሕክምና በሌላ መልክ ተመልሷል። በኤምአርአይ ውስጥ ከ1,000 በላይ የድምፅ ሞገድ አመንጪዎች የተደረደሩበት የራስ ቁር ሞገዶቹን በአንድ ነጥብ ላይ ያገናኛል፤ ነጥቡ እስከ 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሞቆ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ቆዳ አይቀደድም፣ አጥንት አይበሳም፤ ፀጉር ግን ሙሉ በሙሉ ይላጫል። መጀመሪያ ዝቅ ባለ ሙቀት ተሞክሮ የታካሚው መንቀጥቀጥ ሲቆም ከታየ በኋላ ነው የሚቃጠለው። አሜሪካ ይህን ሕክምና በ2016 ለኢሴንሻል ትሬመር ፈቀደች። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው በ76 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የእጅ መንቀጥቀጥ በሦስት ወር 47 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ ከዓመት በኋላም 14 በመቶዎቹ የመደንዘዝ፣ 9 በመቶዎቹ የአረማመድ ችግር ነበረባቸው።

ባትሪ የለውም፣ ክትትሉም ትንሽ ነው። የተቃጠለው ግን አይመለስም፤ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ቢባባስ የሚስተካከል ነገር የለም። የራስ ቅላቸው አጥንት ሞገዱን የማያሳልፍ ሰዎችም አይታከሙበትም።

ከመሣሪያው ጋር መኖር

የማይሞላ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ ደረት ላይ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለወጣል። ከውጭ የሚሞላው ከ15 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ግን መሙላቱን መርሳት አይገባም። ባትሪው በድንገት ካለቀ ምልክቶቹ በኃይል ይመለሳሉ፤ በዲስቶኒያና በገፋ ፓርኪንሰን ይህ ሆስፒታል የሚያስገባ ድንገተኛ ሁኔታ ነው። በአካል ሕክምና ክፍሎች ጡንቻን ለማሞቅ የሚያገለግለው ዳያተርሚ የተባለ መሣሪያ በፍጹም አይፈቀድም፤ ኃይሉ በሽቦው ተጉዞ አንጎልን ሊያቃጥል ይችላል። ኤምአርአይ የሚነሳው የመሣሪያው ዓይነት ታውቆ በአምራቹ መመሪያ ብቻ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ማሳየት ይመከራል።

ኢትዮጵያ

በ1980ዎቹ መጨረሻ በመስቃንና ማረቆ አካባቢ በ60,820 ሰዎች ላይ ቤት ለቤት የተደረገና በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖት ጥናት ከ100,000 ሰው 7 የፓርኪንሰን ሕሙማንን አግኝቷል። ቁጥሩ ከአውሮፓ በጣም ያነሰ ነው፤ በሽታው በዕድሜ የሚበዛ በመሆኑ የሕዝቡ ወጣትነት አንዱ ምክንያት ነው። ዕድሜ እየረዘመ ሲሄድ የሕሙማኑ ቁጥርም ይጨምራል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑት ሐኪሞች በዋናነት የሚያክሙት የጭንቅላት ጉዳትን፣ ዕጢንና ሕፃናት ላይ የሚታየውን የጭንቅላት ውኃ መጠራቀም ነው። ለእንቅስቃሴ መታወክ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ በእንቅስቃሴ ሕመሞች የሠለጠነ የነርቭ ሐኪም፣ ጥሩ ኤምአርአይና ለዓመታት የማይቋረጥ ክትትል ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ሌቮዶፓ ነው፤ ከካርቢዶፓ ጋር ተዋሕዶ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ የማያገኝ ሰው ለሽቦው ተስማሚ መሆን አለመሆኑን እንኳ መለካት አይቻልም።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ መሣሪያው ተተክሎላቸው ወደ አገር ቤት የሚመጡ ሰዎች የመሣሪያውን ስምና ሞዴል፣ የመጨረሻውን የማስተካከያ ቁጥሮችና የባትሪውን ቀሪ ዕድሜ በጽሑፍ ይዘው መጓዝ ይኖርባቸዋል። የአንዱ አምራች የማስተካከያ መሣሪያ የሌላውን አይከፍትም። ባትሪው የሚሞላ ከሆነ ቻርጀሩን በሻንጣ ከመላክ ይልቅ በእጅ መያዝ ይሻላል።